የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ሳይቸኩሉ ለመጎብኘት፦ የግማሽ ቀን መመሪያ

«ጉለሌ ሄደን ነበር፤ ዛፍ ብቻ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ጨርሰን ተመለስን» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ሌሎች ደግሞ እናታቸውን፣ ልጆቻቸውን ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይዘው ከመሄዳቸው በፊት ይደውሉልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ መቼ እንሂድ? ምን እንያዝ? እዚያ ከደረስን በኋላስ ምን እናድርግ? መልሱን ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም በቅደም ተከተል ብጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

ማዕከሉ የሚገኘው በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለታማ ተራሮች ጋር በሚያያዘው ዳገት ላይ ነው። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም ከ2500 ሜትር ይበልጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ልብ በሉ። 700 ሄክታር በእግር ኳስ ሜዳ ቢለካ ወደ 1000 ሜዳ ይጠጋል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ሁሉን አያለሁ ብሎ መነሣት ድካም ብቻ ነው። ከፍታው ደግሞ ፈጥኖ የሚራመደውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከዚህ በታች የምመክራችሁ ስሌት ቀላል ነው፦ አራት ሰዓት፣ አሥር ዕፅዋት። ከአሥር በላይ ለማየት አትሞክሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ። ዳገት ላይ ስትወጡ ብርዱ ጥማቱን ይሸፍነዋል፤ ሳይታወቃችሁ ውኃ ያልቅባችኋል።
– ሶሉ የሚይዝ የተዘጋ ጫማ። ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ ታገኙታላችሁ።
– ጃኬት ወይም ጋቢ፣ እንዲሁም ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ። ጠዋት ይበርዳል፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይደርሱባችኋል።
– ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናብ ልብስ። ሁለት እጃችሁ ነፃ ስለሚሆን ከጃንጥላ ይሻላል።
– የማይፈስ ምግብ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ በጾም ቀን የተለወሰ በሶ። ቡና በፔርሙዝ።
– ለአረጋውያን ተጣጣፊ ወንበር ወይም ቀላል በርጩማ።
– ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።
– ካገኛችሁ የእጅ አጉሊ መነጽር። ለልጆች ከዚህ የበለጠ መጫወቻ የለም።
– መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ በሙሉ ባትሪ የተሞላ ስልክ።
– ፕላስተር፣ የእጅ መታጠቢያ ሳሙናና አንድ ባዶ ፌስታል። ፌስታሉ የራሳችሁን ቆሻሻ ይዛችሁ ለመመለስ ነው።

1. ወሩንና ቀኑን ምረጡ

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ሂዱ። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ጠዋት ውርጭ ስላለ ጋቢው የግድ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት አቧራና ነፋስ ይበረታል፤ ኮሶን በአበባው ለማየት ግን ጥሩ የሚሆነው ይኸው በጋው ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን አረጋውያንን ይዞ ለመሄድ አይመችም፤ ለብቻችሁ ከሆናችሁ ጭጋጉ በጽዶቹ መሃል ሲያልፍ ማየት የራሱ ጸጋ አለው።

ከሳምንቱ ቀናት መካከል የሥራ ቀን ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ ወፉም ድኩላውም ይርቃል፣ አስጎብኚ ማግኘትም ይከብዳል።

2. አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ

አራት ነገሮችን ጠይቁ፦ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት፣ የመግቢያ ዋጋ፣ አስጎብኚ መኖሩን፣ መኪና እስከየት ድረስ እንደሚገባ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ግን ከመኪና ወርዳችሁ የምትራመዱት ርቀት ቀኑን በሙሉ ይወስነዋል። የሰርግ ወይም የልደት ፎቶግራፍ በትልቅ ካሜራ ለማንሣት ካሰባችሁም ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በር ላይ ደርሶ መከራከር የራሳችሁንም የጥበቃውንም ጠዋት ያበላሻል። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

3. ለሹፌሩ ስሙን በሙሉ ንገሩት

«እንጦጦ ውሰደኝ» ካላችሁት ወደ እንጦጦ ፓርክ ይወስዳችኋል። ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ እንጦጦ ፓርክ የመዝናኛ ስፍራ ሲሆን ከዕፅዋት ማዕከሉ በስተምሥራቅ ይገኛል። «ጉለሌ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ሰፊ ነው። «ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል» በሉ፤ በስልካችሁ ካርታ ላይም ስሙን አውጥታችሁ አሳዩት። በኮንትራት ታክሲ ወይም በስልክ በሚጠራ መኪና ከሄዳችሁ መመለሻውን ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ከዳገቱ ላይ ሆኖ መኪና መጥራት በከተማው መሃል እንደመጥራት አይቀልም።

4. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ

የበሩ መክፈቻ ከፈቀደላችሁ እንዲያውም ቀደም በሉ። ምክንያቱ ሦስት ነው። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ሸሽተው ቅጠል ውስጥ ዝም ይላሉ። በክረምትና በበልግ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስተኛው ብርሃን ነው፦ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስለሚመጣ የልጡን ሽብሽብ፣ የቅጠሉን ጠርዝ፣ የሸረሪት ድሩን ጤዛ ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ ይታያችኋል፤ «ዛፍ ብቻ ነው» የሚለው ስሜት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

5. የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አትራመዱ

ትኬት ቆርጣችሁ እንደገባችሁ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ውኃ ጠጡ። ሰውነታችሁ ከፍታውን ይለምድ። ይህ በተለይ ከዱባይ፣ ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ለመጡ ዘመዶች የግድ ነው፤ እነርሱን አዲስ አበባ በገቡ ማግስት ወደዚህ አታምጧቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ከመጣም ጠፍጣፋውን መንገድ ብቻ ይያዝ። መለኪያው ይህ ነው፦ እየተራመዳችሁ ሳታቋርጡ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

በዚህ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከአስጎብኚው ጋር ተነጋገሩ። «ሁሉን አሳየን» አትበሉት። «አራት ሰዓት አለን፣ አሥር አገር በቀል ዕፅዋት በደንብ ማየት እንፈልጋለን፣ አንድ አረጋዊት አብረውን አሉ» በሉት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት አስጎብኚው መንገዱን ይመርጥላችኋል፤ የሚወደውንም ዛፍ ያሳያችኋል።

6. የስያሜ ሰሌዳውን ማንበብ ተማሩ

ብዙ ሰው ሰሌዳውን አይቶ «ፈረንጅኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው እንደ ወገን መጠሪያ ሁሉንም የቅርብ ዘመዶች ይሰበስባል፣ ሁለተኛው ያንኑ አንዱን ለይቶ ይጠራል። ለምሳሌ የቀጋ ስም «ሮዛ አቢሲኒካ» ነው፤ ሮዛ ማለት ጽጌረዳ፣ አቢሲኒካ ማለት የሐበሻ። ቀጋ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ መሆኑን ሰሌዳው ነገራችሁ ማለት ነው። ኮሶ «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ነው፤ ሐጌኒያ በሚለው ወገን ውስጥ ከኮሶ በቀር ሌላ ዝርያ የለም። ኮሽም «ዶቪያሊስ አቢሲኒካ» ነው። የገጠሩ ሳማ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም አይበቅልም።

ልጆች ከያዛችሁ «አቢሲኒካ» የሚል ቃል ያለበትን ሰሌዳ የሚያገኝ ማን ነው ብላችሁ ላኳቸው። ከእናንተ ቀድመው ይሮጣሉ፤ ሳታስገድዷቸውም ያነባሉ። ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት፦ ኮሶ፣ ቀጋ፣ እንጆሪና ጥቁር እንጨት አራቱም የጽጌረዳ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በመልክ ምን ያመሳስላቸዋል ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ በአበባው አወቃቀር ላይ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ዓይናቸው ይፈካል።

7. በእያንዳንዱ ዛፍ ፊት አምስት ደቂቃ ቁሙ

የጉብኝቱ እምብርት ይህ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ አሥር እርምጃ ራቅ ብላችሁ ጠቅላላ ቅርጹን እዩ። ቀጥሎ ቀርባችሁ ልጡን በመዳፍ ዳስሱ። ሦስተኛ አንድ ቅጠል ሳትቀነጥሱ ገልብጡ፤ የብዙ ዛፍ መታወቂያ ጀርባው ላይ ነውና። አራተኛ መሬቱን እዩ፦ ምን ወድቋል? ምን በቅሏል? በመጨረሻ አንድ ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ።

በጽድ ጀምሩ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የምናውቀው ስለሚመስለን የሐበሻ ጽድንና የፈረንጅ ጽድን ብዙ ጊዜ እናምታታለን። መለያው ፍሬው ነው። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ እንደ እንጨት ጠንካራ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ያፈሳል። የሐበሻ ጽድ ፍሬ ግን ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ከላዩ አመድ የነካው ይመስላል። ወንዴና ሴቴ ዛፉ በአብዛኛው የተለያየ ስለሆነ ፍሬ ካጣችሁበት ወንዴ ሊሆን ይችላልና ጎረቤቱን ፈልጉ። ልጡ በቀጫጭን ረጃጅም ክር ይላጣል። የችግኙ ቅጠል እንደ መርፌ ይወጋል፣ የትልቁ ዛፍ ቅጠል ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተለጠፈ ነው፤ አንድ ዛፍ ላይ ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ።

ከጽዱ ወደ ወይራ እለፉ። የቅጠሉ ፊት የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ስትገለብጡት ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ባለፈው ጥቅምት እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ወይራው ሥር በርጩማ ዘርግቼ አስቀመጥኳት። አንድ ቅጠል በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ ይዛ፣ ሳትቀነጥስ፣ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ጀርባውን አየችና «ይኸው፣ የወተት ቅላችንን የምናጥንበት» አለች። ከዚያ ቅሉ በየስንት ቀኑ እንደሚታጠን፣ ጢሱ እንዳያመልጥ አፉ በምን እንደሚከደን፣ የእናቷ እርጎ ምን ምን ይሸት እንደነበር እያነሣች ሃያ ደቂቃ አወራችልን። አስጎብኚያችን ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ጀመር። እኔ እናቴን አርባ ዓመት ሳውቃት ይህን ወሬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አረጋውያንን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በርጩማውን ወይራ፣ ኮሶ፣ ጌሾ ወይም እንዶድ አጠገብ ዘርግታችሁ ጠብቁ እንጂ አታስቸኩሏቸው።

ኮሶን በልጡ ትለዩታላችሁ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ይላጣል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ እንደ ክንፍ የተለጠፈ ሰፊ ጠርዝ አለው። አበባው እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ቀላ ያለው የሴቴው፣ ወደ ነጭነት የሚያደላው የወንዴው ነው። እዚህም ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው።

ከነዚህ በኋላ አንድ ንጽጽር አድርጉ። ባሕር ዛፍ ካለበት ስፍራ ቆማችሁ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ የሚያህል መሬት ምረጡ፤ በዚያ ውስጥ የምታዩትን የተለያየ ችግኝ፣ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ቁጠሩ። ከዚያ ከአገር በቀል ዛፎች ሥር ያንኑ ያህል መሬት ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ለምን እንደሚደክም በገዛ ቁጥራችሁ ትረዳላችሁ። ባሕር ዛፉንም በደንብ እዩት፦ የለጋው ቅጠል ክብ ቢጤ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ የትልቁ ቅጠል ግን እንደ ማጭድ ረጅምና ጎባጣ ነው። ሁለት የተለያየ ዛፍ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

አሥሩን ለመሙላት ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ አስታ፣ አሜጃ፣ ቀጋና አጋም ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። አስጎብኚው የሚቀርባችሁን ይንገራችሁ።

8. ሽታ ያላቸውን ዕፅዋት በጣት ጫፍ አሽትቱ

የመድኃኒትና የሽታ ዕፅዋት የት እንዳሉ ጠይቁ። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጭቁኝ፣ ጥንጁት ለአብዛኞቻችን ስማቸው የታወቀ ነው፤ ተክላቸውን ቆሞ ያየ ግን ጥቂት ነው። ቅጠሉን አትቁረጡ። በሁለት ጣት በስሱ ዳብሱና ጣታችሁን አሽትቱ፤ ሽታውን የያዘው ዘይት በቅጠሉ ገጽ ላይ ስለሆነ ይበቃል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጣት ቀይሩ፣ አለዚያ ሽታው ይደባለቃል። ጤና አዳምን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጠቡ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ የልጆች ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል።

9. ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ተቀመጡ፣ ብሉ፣ ወደ ላይ እዩ

የምትቀመጡበትን ቦታ ምረጡ። ረጃጅም ባሕር ዛፍ ሥር አትቀመጡ፤ በነፋስ ጊዜ ቅርንጫፍ ይጥላል። ጽድ ወይም ወይራ አጠገብ ያለ ክፍት ሣር ይሻላል። ቡናው ከፔርሙዝ ይሁን፤ ከሰል ማቀጣጠል አይታሰብም፣ በበጋ አንዲት ፍንጣሪ ዳገቱን ሙሉ ታነዳለች።

እየበላችሁ ሦስት ወፎችን ፈልጉ። አንደኛው ወፍራም ምንቃር ያለውና ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ አረንጓዴ ወፍ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ አለበት፣ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ሦስተኛው ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያለውና በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው ነው፤ እርሱን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። ለማየት ስትሹ ጣት አትቀስሩ፣ አትነሡ፤ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን ብቻ አዙሩ። ሙዚቃ ከከፈታችሁ ግን አንዱንም አታዩም።

10. ፎቶግራፉን ለማወቅ በሚረዳ መንገድ አንሡ

«ይህ ምን ዛፍ ነው?» እየተባለ የሚላክልኝ ፎቶግራፍ አብዛኛው አረንጓዴ ክምር ነው፤ ባለሙያም ቢሆን ከዚያ ምንም አይለይም። ለአንድ ተክል አምስት ፎቶግራፍ አንሡ፦ ሙሉ ቁመናው፣ ልጡ፣ የቅጠሉ ፊት፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ አበባው ወይም ፍሬው። ቅጠሉ አጠገብ እርሳሱን ያዙ፤ መጠኑ ይታወቃል። በመጀመሪያ ሰሌዳውን አንሡት፣ ያለበለዚያ ማታ የትኛው ቅጠል የየትኛው ዛፍ እንደነበር ይጠፋባችኋል።

11. ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ወደ በሩ ተመለሱ

በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ። መንገዱ አንድ ቢሆንም ብርሃኑ ተለውጧል፤ ጠዋት ያላያችሁትን ታያላችሁ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይከብዳል፤ አረጋውያንን ከፊት ቀድማችሁ እጃቸውን ያዙ እንጂ ከኋላ አትግፏቸው።

ማስጠንቀቂያ

ባሕር ዛፍ የሚጥለው ጠንካራ ፍሬ ዳገት ላይ እንደ ብይ ይንከባለላል። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ሲወርድ የወደቀ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ሳማ ከነካችሁ አትሹት፤ ማሸት መርዛማውን ጸጉር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ በውኃ ታጠቡ።

ምንም ፍሬ፣ ቅጠል ወይም አበባ አትቅመሱ። ከመንገድ ዳር እንደ መለከት ያለ ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር ልታዩ ትችላላችሁ፤ ዘሩ አእምሮን የሚያስት ብርቱ መርዝ ነው። የቁልቋል ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ አጥባችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ኮሶም ቢሆን አያቶቻችን ስለጠጡት ብቻ የሚቀመስ አይደለም፤ መጠኑ ካለፈ ዓይንን እስከመጉዳት ይደርሳል።

ከተከፈተው መንገድ ወጥታችሁ ብቻችሁን ወደ ጫካው አትግቡ። ወደ ምሽት ሲሆን በእነዚህ ተራሮች ጅብ ይንቀሳቀሳል፤ መንገድ የሳተን ሰውም በ700 ሄክታር ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

በብዛት የማየው ምሳ በልቶ ከቀኑ 8 ሰዓት መድረስ ነው። ፀሐዩ ከላይ ነው፣ ወፉ ዝም ብሏል፣ ሆድ ሞልቷል፤ ዳገቱም አይገፋም። ሁለተኛው ችግኝ ወይም ዘር «ለግቢዬ» ብሎ መቅሰም ነው። ይህን እባካችሁ አታድርጉ፤ አንዳንዱ ተክል ለዘር እንዲሆን ከሩቅ ቦታ ተለቅሞ የመጣና በቁጥር የተመዘገበ ነው። እናንተ አንድ ፍሬ ስትወስዱ የዓመት ልፋት ይዛችሁ መሄዳችሁ ነው። ችግኝ ከፈለጋችሁ የሚሸጥ እንዳለ አስጎብኚውን ጠይቁ።

ሦስተኛው በጣም ብዙ ሰው ሆኖ መሄድ ነው። ከስድስት ሰው ካለፋችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ ከኋላ ያለው ሰው አስጎብኚውን ሳይሰማ ሲቀር ስልኩን ያወጣል፣ ጉብኝቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

ቤት ስትደርሱ

ልብሳችሁን በር ላይ አራግፉ። ጋቢ ላይ የተጣበቀውን ጨጎጊት በእጅ ልቀሙት እንጂ አታጥቡት፤ ውኃ ሲነካው ጥለቱ ውስጥ ይጠላለፋል። ከጉልበት በታችና ከጆሮ ጀርባ መዥገር አለመኖሩን እዩ፣ በተለይ ሣር ላይ የተንከባለሉ ልጆችን። ካለ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አትጨፍልቁት።

ከዚያ ደብተራችሁን አውጥታችሁ አሥሩን ስሞች ከነቀናቸው ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን አበባ፣ ፍሬ ወይም ባዶ እንደነበር አመልክቱ። ሁለተኛ ስትሄዱ ወሩን ቀይሩና ወደ እነዚያው አሥር ተመለሱ። በጥቅምት ያለ አበባ ያያችሁት ኮሶ በጥር ዘለላውን አንጠልጥሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።